ደወልና ቀይ ቡና፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጉዞ በደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር

በመስከረም ወር በመላ አገሪቱ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል በበበቃና በቴፒ ቆላ የቡናው ፍሬ መቅላት ጀምሮአል። ለቀማው ከቆላው ይነሣና ወራቱ በገፉ ቁጥር ወደ ላይ እየወጣ፣ የሚዛንን ዙሪያ አዳርሶ፣ ከፍ ወዳሉት የሸዋ ቤንች ቀበሌዎች ይደርሳል። በእነዚህ ጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ይሰበሰባል፤ በእነዚሁ ወራት ውስጥ የተማሪው የመጀመሪያ መንፈቅ ትምህርት ያልቃል። ደወሉና ቡናው የሚጣሩት በአንድ ጊዜ፣ የሚጣሩትም አንድን ልጅ ነው።

በቡና አገር ተማሪ ከክፍል መቅረቱ ሲነሣ ወቀሳው ብዙውን ጊዜ በወላጅ ላይ ይወድቃል። ወላጅ የትምህርትን ጥቅም አልተረዳም ይባላል። ነገሩን ከሥሩ ለሚመረምር ግን ወቀሳው ቀላል አይሆንም፤ ምክንያቱም የደብተሩ፣ የልብሱና የከተማው ቤት ኪራይ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያው ቡና ነው። ቡናው ካልተለቀመ ተማሪው አይማርም፤ ቡናው ሲለቀም ደግሞ ተማሪው ከክፍል ይጎድላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የወላጅ ንቃት ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚባለው ተቋም በዚህች አገር ሲተከል ለማን ታስቦ ነበር? የሸዋ ቤንች ልጅስ በሐሳቡ ውስጥ ነበረን?

ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያ የተጀመረው ለመንግሥት ሥራ ሰው ለማውጣት መሆኑ የታወቀ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት በብርቱ የሚፈለጉት ቋንቋ አዋቂዎች፣ አስተርጓሚዎችና ጸሐፊዎች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ከዚህ ዓላማ እምብዛም አልራቀም። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶችና ከውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ፍጅት አለቁ። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ መንግሥቱ ቢሮውን የሚሞላበት የተማረ ሰው አልነበረውም። በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ዊንጌት ደግሞ በ1938 ዓ.ም. የተከፈቱት ይህንን ጉድለት ለመሙላት ነበር።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለኋለኞቹ ሁሉ መልክ ሰጥተዋል። አዳሪዎች ስለነበሩ ተማሪው በመንግሥት ቀለብ ያድር ነበር። ከመምህራኑ ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች፣ የመማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ በመጨረሻው የሚጠብቀውም የለንደን ፈተና ነበር። ከፈተናው ማዶ ኮሌጅ ወይም የቢሮ ወንበር ይታያል። እንግሊዝኛው፣ ፈተናውና ወንበሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሦስት ጉልቻዎች ሆነው ቀሩ። አራተኛው ነገር፣ ማለት አዳሪነቱ፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ክፍላተ ሀገር ሲዛመት አብሮ አልሄደም።

ዛሬ ቤንች ሸኮ የሚባለው አገር በዚያን ዘመን የጊሚራ አውራጃ ይባል ነበር፤ ዋና ከተማው ሚዛን ተፈሪ፣ ጠቅላይ ግዛቱ ከፋ፣ የጠቅላይ ግዛቱ መዲና ጅማ ነበረች። ሸዋ ቤንችም ያኔ ሸዋ ጊሚራ ትባል ነበር። ጅማ ለቡናዋ ክብር ሲባል ከሌሎች ቀድማ የትምህርት ድርሻ ደርሶአታል፤ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤቷ በ1940ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመ ነው። ከጊሚራ ኮረብቶች ተነሥቶ ጅማ መድረስ ግን በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ የሚቆጠር የቀናት መንገድ ነበር። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙና ማሩ በዚያ መንገድ ወጣ፤ ልጁ ግን እምብዛም አልወጣም። አገሩ ለመንግሥት ካዝና የቀረበውን ያህል ለትምህርት ቤት አልቀረበም ማለት ነው።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተሰበሰበ። ጉባኤው በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ከሚጨርሱት ውስጥ ደግሞ 30 ከመቶው ሁለተኛ ደረጃ እንዲገቡ ግብ አስቀመጠ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ቅኝ ሳትገዛ የኖረች ብትሆንም በትምህርት ስርጭት ግን ገና ከቅኝ አገዛዝ በመውጣት ላይ ከነበሩት ከብዙዎቹ እንግዶቿ ወደ ኋላ ቀርታ ተገኘች። ነገሩ አሳፋሪ ነበር፤ ሐፍረቱም ሥራ አስጀመረ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ አብዛኞቹ የተመደቡት በማስተማር ሥራ ነበር።

ይህ የአንድ ዓመት አገልግሎት ከታሰበለት በላይ ፍሬ ሰጥቶአል። ለብዙ የከተማ ልጅ ገባሩን፣ ጭሰኛውንና የባላባቱን ደጅ በዓይኑ ያየበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ወደ ግቢው ሲመለስ ያየውን ይዞ ተመልሶአል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የገነነው የ«መሬት ለአራሹ» ጩኸት አንዱ ምንጭም ይኸው ነው። የአውራጃው ተማሪ በበኩሉ ጋዜጣ ማንበብንና ክርክርን ከእነዚህ ወጣት አስተማሪዎች ተማረ። ነገር ግን በየዓመቱ አስተማሪው ይለዋወጣል፤ ዘንድሮ ያስተማረው ለከርሞ የለም። ሩቅ የተመደበ መምህር ዓመቱን ቆጥሮ የመመለሱ ልማድ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ትምህርት ቤቶች የሚታወቅ ነገር ሆኖ ኖሮአል።

የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ ከማገዶዎቹ አንዱ የትምህርት ጉዳይ ነበር። በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው ጥናት በ1963 እና በ1964 ዓ.ም. ተካሂዶ፣ አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ የሚያልፈው ግን እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ለገጠሩ የሚያደላ ይመስል ነበር፤ የገጠር ልጅ ለገጠር ኑሮ የሚበጅ ትምህርት ያግኝ የሚል ነውና። መምህራንና ወላጆች ግን ወዲያው ሌላውን ገጽ አነበቡት፤ የድኻ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ ሞፈሩ ይመለስ፣ የሁለተኛ ደረጃው በር ለባለ ሀብት ልጅ ይቆይ ማለት ነው አሉ። መምህራኑ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ጥናቱም ተነሣ። እውነቱን ለመናገር አጥኚዎቹ ያዩት ችግር የሌለ ችግር አልነበረም። ሕዝቡም የተቆጣው በሐሰት አልነበረም። ከአርሶ አደር ልጅነት ወደ ሌላ ኑሮ መሻገሪያው ድልድይ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ ድልድዩን እናጥብበው ሲባል ዝም የሚል ወላጅ አይኖርም። ይህ ክርክር ዛሬም አልሞተም።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ነገሩ ተገለበጠ። የገጠሩ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፍለጋ ወደ ከተማ ከመሄዱ በፊት፣ 60 ሺህ የሚገመቱ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠሩ ሄዱ። በዚያው ዓመት በየካቲት የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። የቡና መሬት የባለጸጎች በሆነበት በከፋ፣ በተለይም በጅማ አካባቢ፣ ዘማቾች ከገበሬው ጎን ቆመው ከባለ መሬቶችና ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። ዘመቻው ለተማሪዎቹ ራሳቸው ምን እንዳተረፈላቸው የሚነገረው ታሪክ በሐዘን የተሞላ ነው፤ ከተመለሱት ብዙዎቹ ወደ ደብተራቸው ሳይሆን ወደ ቀይ ሽብር ዘመን ገቡ።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ አንድ ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ እርሱም የቋንቋ ጥያቄ ነው። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። የከፋና የሞቻ ቋንቋ ከእነዚህ ውስጥ ነበረ፤ ቤንችኛ ግን አልነበረም። የቤንች አርሶ አደር ፊደል የቆጠረው በሌላ ሰው ቋንቋ ነው። ቤንችኛ የቋንቋ ሊቃውንት ስድስት የድምፅ ቃና የለዩበት፣ አንዱ ቃል በድምፁ መውጣትና መውረድ ብቻ ትርጉሙን የሚለውጥ፣ በፉጨት እንኳ ሊነገር የሚችል ድንቅ ቋንቋ ነው። ይህ ሁሉ ሀብት ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቀረ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘ መስሎ ነበር። በአሥርና በሃያ ዓመታት ውስጥ ትምህርት ቤት ከአውራጃ ከተማ ወርዶ ወረዳ፣ ከወረዳም ወርዶ ቀበሌ ገባ። ቀድሞ ወደ ጅማ ይሄድ የነበረው ልጅ 9ኛ ክፍልን በየወረዳው ከተማ አገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ ያኔ የደቡብ ክልል ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስጠናው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ግን እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቶ ነበር። ስለዚህ የሸዋ ቤንች ልጅ በቤቱ ቤንችኛ፣ በገበያው አማርኛ፣ በፊዚክስ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይዞ 9ኛ ክፍል ይደርሳል። በቴፒ ደግሞ ሸክኛው፣ ሸኮኛው፣ ማጃንግኛው፣ አማርኛው በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። መምህሩ ሕጉን በእንግሊዝኛ ጽፎ በአማርኛ ያብራራል፤ ተማሪው በቤንችኛ ጓደኛውን ይጠይቃል። በፈተናው ቀን የሚቀርብለት ግን እንግሊዝኛው ብቻ ነው።

ሌላም ክፉ ዙር ነበረ። ከ1993 እስከ 2011 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የመሰናዶውን በር የሚጠብቅ ዘበኛ ነበር። ያለፈው ወደ 11ኛ ክፍል፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ይሄዳል። እንግዲህ ማን ማንን እንዳስተማረ ይታሰብ፤ ወደ ላይ ለመሄድ ያልበቃው ወጣት በአንድ ወይም በሦስት ዓመት ሥልጠና የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ሆኖ ወደ ቀበሌው ይመለሳል፤ እርሱ ያስተማረው ልጅ አድጎ 9ኛ ክፍል ይገባል፤ የ9ኛ ክፍል መምህሩም ይህ ልጅ ማንበብ አይችልም ብሎ ያማርራል። ጥፋቱ የማንኛቸውም አልነበረም። የመምህርነትን ሙያ የተረፈ ሰው ማስቀመጫ ያደረገው አሠራሩ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የመጣው «ፕላዝማ» ይህንን ሁሉ በአንድ መስኮት ሊያቃልል የታሰበ ነበር። ትምህርቱ በውጭ አገር ተቀርጾ በሳተላይት በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፋል፤ የሚዛን ተማሪና የአዲስ አበባ ተማሪ አንዱን ትምህርት በአንዱ ደቂቃ ይከታተላሉ። የእኩልነት ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። የመስኮቱ አስተማሪ ግን ጥያቄ አይቀበልም፤ ያልገባው ካለ ብሎም አያቆምም። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፤ ተማሪው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲፈታ አስተማሪው አሥረኛው ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ መብራትም በደቡብ ምዕራብ ዝናብ ዘወትር ይጠፋል፣ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። የክፍሉ መምህር በዚያች ሣጥን አጠገብ ማብሪያና ማጥፊያ ጠባቂ ሆኖ መቆሙ ደግሞ ብዙ መምህራንን ያስቀየመ ነገር ነበር። ዛሬ ሣጥኖቹ በየትምህርት ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሰው ሲታዩ ወጪያቸው ሳይሆን መምህሩ ያጣው ክብር ይታሰባል።

በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ጀመረ። በቀድሞው ዘመን ለጊሚራ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ እንኳ የሩቅ አገር ነገር ነበር፤ አሁን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ደጁ መጣ። የግቢው በር ግን የሚከፈተው በአገር አቀፍ ምደባ እንጂ በጉርብትና አይደለም፤ ከሌላ ክልል የመጣው ተማሪ ሲገባ የአጥሩ ጎረቤት በውጭ ቆሞ ያያል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ተሰረዘ፤ ለዓመታትም ኩረጃ እንደ ባህል ተቆጠረ። በ2014 ዓ.ም. ትምህርታቸውን የጨረሱት ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ900 ሺህ ጥቂት ከሚያንሱት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ተመዘገበ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ የቀሩባቸው ዓመታት አሉ።

ውጤቱ በተነገረ ጊዜ አንዳንዱ የዘመኑን ወጣት ስንፍና፣ አንዳንዱ የመንግሥትን ጭካኔ አነሣ። ነገር ግን ቁጥሩ በአንድ ሌሊት የተወለደ አይደለም። ፈተናው ኩረጃውን ሲገፍፈው የታየው ከስር የነበረው ነው፤ በሦስት ቋንቋ የተበተነ ንባብ፣ ከማሠልጠኛ በችኮላ የወጣ መምህር፣ ለአራትና ለአምስት ተማሪ የሚደርስ አንድ መጽሐፍ፣ በለቀማ የጎደለ መንፈቅ። በአቅም ማሻሻያ ስም ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንደገና የሚማሩት ተማሪዎች የሚማሩት ከዓመታት በፊት በየክፍላቸው ሊያገኙት ይገባ የነበረውን ነው። የመምህራን የሙያ ብቃት ምዘና፣ በ2015 ዓ.ም. ወደ 9ኛ ክፍል የገባው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት፣ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል የተጀመረው የትምህርት ቤቶች እድሳት፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት የጀመረው ፈተና፣ ሁሉም በዚህ ድንጋጤ ዘመን የሚነሡ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ግን ከፕላዝማው ታሪክ አንድ ነገር ሊማር ይገባዋል፤ ጣቶቹ ለቁልፉ እንግዳ የሆኑ ተማሪ ሰዓቱ የሚያልቅበት ጥያቄው ከብዶት ላይሆን ይችላል።

በቡናው ምድር ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላው ነገር የማደሪያ ጉዳይ ነው። ቀድሞ የኮተቤና የዊንጌት ተማሪ በመንግሥት ቀለብ ያድር ነበር ተብሎአል። የዛሬው የገጠር ተማሪ ግን የራሱ አዳሪ ነው። ከቀበሌው ወደ ወረዳው ከተማ መጥቶ፣ ከሦስትና ከአራት ባልንጀሮቹ ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቶ፣ ዓርብ ማታ ወደ ወላጆቹ በእግሩ ይሄዳል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ስንቅ፣ ቆጮውን፣ ጎደሬውን፣ የበቆሎ ዱቄቱን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ሐሙስ ካለቀ ዓርብ በባዶ ሆድ ይማራል ወይም አይማርም። ለልጃገረዷ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። መንገዱ ያስፈራል፤ ጠባቂ የሌላት የኪራይ ክፍል ታስፈራለች፤ ወላጅም ይህንን ሲያስብ ትዳሩን ያስቀድማል። አዳሪ ቤት መሥራት ውድ ነው ይባላል። ነገር ግን 9ኛ ክፍል የገቡ ሴቶች 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ስንቱ እንደ ቀሩ በየመዝገቡ ለሚያይ ርእሰ መምህር የትኛው እንደሚወደድ መንገር አያስፈልግም።

የትምህርት ዘመኑ የተቀረጸው ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴ ነው በሚል የደገኛ አቆጣጠር ነው። በደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ከበጋው ማብቂያ ጀምሮ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይዘንባል፤ ሰው የሚፈለግበት ወር ደግሞ ሐምሌ ሳይሆን የለቀማው ወር ነው። ቀኖቹን ጥቂት ለማሸጋሸግ፣ ወይም በለቀማው ሰሞን የጠዋቱን ፈረቃ ለቀሪው ሥራ በሚመች መንገድ ለማድረግ የሕንጻ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለአገሩ ቡና የሚሰጠውን ትኩረት ለቡናው ለቃሚ ልጅ መስጠት ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ራሱን ችሎ ሲመሠረት፣ ሚዛን አማንና ቴፒም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች መካከል ሲሆኑ፣ ይህን ዓይነቱን ውሳኔ በቅርብ የሚያይ መንግሥት አግኝተዋል።

ወጣቱ በበኩሉ ሒሳቡን ይሠራል። ከመቶ ስምንት በሚያልፍበት ፈተና ላይ አራት ዓመት ከማፍሰስ ቡና ነግዶ ሞተር ብስክሌት መግዛት ይሻላል የሚለው ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። ተመርቆ ሥራ ያጣው ታላቅ ወንድሙ በቤት ተቀምጦ ሲያይ ደግሞ ክርክሩ ይጠነክርለታል። በ1966 ዓ.ም. ወላጆቹ ድልድዩ እንዳይጠብብ ጮኸው ነበር፤ አሁን ድልድዩ ሰፍቶ ሳለ መሻገሩን የሚጠራጠር ትውልድ ቆሞአል።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከፍ ባሉት ቀበሌዎች ለቀማው ይቀንሳል። በየግቢው በአልጋ ላይ የተሰጣው ቡና እየደረቀ ይጠቁራል። ከክፍል የጎደሉት አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ የአንዳንዱ ጣት ገና የቡና ገለባ ቀለም አለበት። መምህሩ ስም ሲጠራ ለሳምንታት ዝምታ ይመልስ የነበረው ስም «አቤት» ይላል። መምህሩም መጽሐፉን ወደ ኋላ ገልጦ በጥቅምት ያስተማረውን ምዕራፍ፣ ለተቀመጡትም ለተመለሱትም፣ እንደገና ይጀምራል።